«ማን ልበል?» ባዩ ጋሽ ገዳሙ

የጋሽ ገዳሙን ሞት በስልክ የነገረኝን ሰው አላመንኩትም። ቁጥሩን አላውቀውም፤ መስመሩም ስለሚቆራረጥ ድምፁን መለየት አልቻልኩም። «ማን ልበል?» አልኩት። የድሮ የሥራ ባልደረባዬ እንደሆነ ነገረኝ። ዘጋሁበትና የባልደረባዬን ቁጥር ከራሴ ስልክ ውስጥ ፈልጌ መልሼ ደወልኩ። ለካስ ቀድሞ የደወለልኝ በልጁ ስልክ ኖሯል። አነሳውና «አንተም ጋሽ ገዳሙን ሆነህ አረፍከው» ብሎ ሊስቅ ጀምሮ ሣቁ መሐል ላይ ቀረ። እውነት ነበር።

እንዲህ ዘግቶ መልሶ መደወልን ያስተማረኝ እሱ ነው። ጋሽ ገዳሙ ደዋይ የሚባል ፍጡር አምኖ አያውቅም። ስልክ ያነሳል፣ «ማን ልበል?» ይላል፣ ስሙን ይሰማል፣ «በል ዝጋው» ይላል፤ ከዚያ ራሱ በሚያውቀው ቁጥር ይደውላል። «ስምማ ማንም ይናገራል» ነበር ምክንያቱ። ሚስቱም ብትሆን ያው ናት። አንድ ጊዜ ከጎረቤት ስልክ ደውላ «በጉ ገመዱን በጥሶ ጠፋ፣ ድረስልኝ» ብትለው፣ እንደ ልማዱ ዘግቶ ወደ ቤቱ ስልክ ደወለ። ቤት ማን ያንሳ፤ ሴትዮዋ በጉን ፍለጋ ወጥታለች። እሱም «አላልኳችሁም? የውሸት ነው» ብሎን ሥራውን ቀጠለ። በማግስቱ እሷ መሥሪያ ቤት ድረስ መጥታ የነገረችንን እዚህ አልጽፈውም።

ያኔ ሁለታችንም ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ማኅበራት ዩኒየን እንሠራ ነበር። እኔ መረጃ ክፍል ነኝ፤ እሱ የስልክና የኮምፒዩተር ባለሙያ። የማርቆስ ልጅ ነው፤ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን አዲስ አበባ የስልክ መስመር ሲዘረጋና ሲጠግን ኖሮ፣ ኮምፒዩተር ሲመጣ እሱንም ተምሮ፣ ፀጉሩ ሸበት ሲል ወደ አገሩ ተመለሰ። የመጣ ዕለት ከየክፍሉ ሠራተኛ ጋር ሲያስተዋውቁት እጄን እንደ ጨበጠ ከመነጽሩ በላይ ትክ ብሎ አየኝና «መታወቂያህን ይዘሃል?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። እሱ አልሣቀም። አውጥቼ አሳየሁት፤ ገልበጥ አድርጎ አየውና መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ነው «ገዳሙ እባላለሁ» ያለው።

ሻይ ቤት ስንገባ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን እያየ ካልሆነ አይቀመጥም። «እንደምን አደርክ» ሲሉት «እስካሁን ደህና ነኝ» ይላል። ሰው ካመሰገነው ይደነግጣል፤ ሁለቴ ካመሰገነው ወንበሩን ያርቃል። አንቱ እንዳልለው የከለከለኝም ራሱ ነው። አባቴ ለመሆን ምንም የማይቀረውን ሰው አንተ ማለት ከብዶኝ ስንተባተብ «አንቱ የሚለኝ ሰው አንድ ነገር ሊለምነኝ ነው» አለኝ። ከመሥሪያ ቤታችን ሰው ግማሹ «ሰላይ የነበረ ነው» ሲል ግማሹ «የለም፣ ሲሰለል የኖረ ነው» ይል ነበር። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄውም «ማን ጠይቅ ብሎህ ነው?» ከማለት በቀር አልመለሰልኝም።

ወደ ትልቁ ሥራው ልምጣ። በዚያ ዘመን ሞባይል የባለ ሥልጣን ጌጥ ነው፤ ኢንተርኔትን በስም እንጂ በዓይን የምናውቀው ጥቂቶች ነን። የይጁቤ፣ የሉማሜና የደጀን ቅርንጫፎቻችን ምን ያህል ማዳበሪያ እንደ ደረሳቸው፣ ለየትኛው ቀበሌ እንደ ታደለ የሚነግሩን በስልክ እየጮኹ ነበር። እነሱ ይጮኻሉ፣ እኛ እንጮኻለን፣ መስመሩ ይቋረጣል፤ የጻፍነውም ከተባለው ጋር አይገጥምም። ሥራ አስኪያጁ በዚህ ተማርሮ ጋሽ ገዳሙን አስጠራና ቅርንጫፎቹ በስልክ መስመር የዋናውን መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የሚያገኙበትን መንገድ እንዲሠራ አዘዘው።

ከአዲስ አበባ አንድ ጥቁር ሳጥን መጣ። የስልክ መስመሮቹ በጀርባው ይገቡበታል። ከይጁቤ ኮምፒዩተር ሲደውል ሳጥኑ ያነሳል፣ ሁለቱ ያንን ጥርስ የሚያፋጭ የሞደም ጩኸት ይጮኻሉ፣ ከዚያ ሳጥኑ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የሚገርመው ሳጥኑ ራሱ ማንንም አያውቅም። የተነገረውን ይዞ ጥግ ላይ ለተቀመጠ ሌላ ኮምፒዩተር «ይኼን ሰው ታውቀዋለህ?» ይለዋል። ያኛው አውቀዋለሁ ካለ በሩ ይከፈታል፤ አላውቀውም ካለ መስመሩ ይቆረጣል። ጋሽ ገዳሙ ይኼን ሲያስረዳኝ ፊቱ በርቶ ነበር። «በር ጠባቂው ሌላ ነው፣ አዋቂው ሌላ ነው» አለኝ። ቀጠለና፣ ሁለቱም ቢሆኑ እንዲሁ እንደማይተማመኑ፣ በመካከላቸው የሚተዋወቁበት የምሥጢር ቃል እንዳለ ነገረኝ። ለእሱ ከዚህ የበለጠ ወዳጅነት የለም ብዬ አሰብኩ።

የሙከራው ቀን እኔን ከግቢው ማዶ ባለው ክፍል ኮምፒዩተር ላይ አስቀመጠኝ። ደወልኩ፣ ሳጥኑ ጮኸ፣ ስሜንና ቃሌን ሰጠሁ፣ ገባሁ። የመረጃ ክፍል ሠራተኞች አጨበጨቡ። ጋሽ ገዳሙ ግን በመስኮት ብቅ ብሎ «አሁን በተሳሳተ ቃል ሞክር» አለኝ። ሞከርኩ፤ ቆረጠኝ። «እንደገና» አለ። ቆረጠኝ። መዳፎቹን ያፋትጋል። «መክፈት ምን ይደንቃል? ክፍት የቀረ በርም ሰው ያስገባል» አለን። ያንን ከሰዓት ሙሉ ሲያባርረኝ ዋለ፤ ማታ ወደ ቤት ስንሄድ የነበረውን ደስታ ሰው ቢያይ ልጁን የዳረ ይመስለው ነበር።

ሥራ አስኪያጁም በተራው እንግዶች ጠርቶ ምረቃ ቢጤ አዘጋጀ። ከሁሉ ቀድሞ በራሱ ስም ሊገባ ተቀመጠ፤ የይለፍ ቃሉን ግን ረስቶታል። ሳጥኑ ቆረጠው። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ቆረጠው። እንግዶቹ መተያየት ሲጀምሩ ዞር ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ «ገዳሙ፣ አስገባኝ እንጂ» አለው። ጋሽ ገዳሙ እዚያው ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ማን ልበል?» አለ። እንግዶቹ በሣቅ ፈነዱ። ሥራ አስኪያጁም አብሮ የሣቀ መስሏል፤ ጆሮው ግን በርበሬ መስሎ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በሁለቱ መካከል ሰላም የሚባል አልነበረም።

ቂሙ ብዙም ሳይቆይ ታየ። ጋሽ ገዳሙ ሳጥኑ አንድ ሌላ ነገር እንዲያደርግ ይፈልግ ነበር፦ የቅርንጫፍ ሠራተኛ ሲደውል፣ ስሙንና ቃሉን ተቀብሎ መስመሩን ይዘጋና ራሱ በቅርንጫፉ ቢሮ ቁጥር መልሶ እንዲደውል። በዚህ መንገድ ሰው ቃሉን ቢሰርቅ እንኳ ከሌላ ስልክ ሊገባ አይችልም። ያው የራሱን ጠባይ ነው ለሳጥኑ ሊያወርሰው የፈለገው። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ «ሰውን በአንድ ጥሪ ማመን ያቃተው ገዳሙ ነው እንጂ መሥሪያ ቤቱ አይደለም» ብሎ ከለከለው። ጋሽ ገዳሙም ተቃውሞው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝለት ጠይቆ ተቀመጠ።

ከዚያ በየቅርንጫፉ እየዞርን ለሠራተኞቹ ስም መስጠትና የይለፍ ቃላቸውን ማስገባት ጀመርን። እኔ አስተምራለሁ፤ እሱ ያስጠነቅቃል። «ማንም የማያውቀውን ቃል ምረጡ። የልጃችሁን ስም አይደለም፣ የመንደራችሁን ስም አይደለም። ለባልና ለሚስትም አይነገርም» ይላል። ሠራተኛው ቃሉን ሲጽፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ እኔንም በትከሻዬ ይዞ ያዞረኛል። ሉማሜ ላይ ሁለታችን ግድግዳ ስናይ ሻይ ልታመጣ የገባች ሴት ጸሎት ላይ ያለን መስሏት ትሪዋን እንደያዘች ቆማ ጠበቀችን።

የይጁቤዋ መዝጋቢ የዝባለም ትባላለች። ያኔ ገና ወጣት ናት፤ ፈጣን፣ ደፋር፣ የተነገራትን ሁለቴ የማትጠይቅ። እናቷና ታናናሾቿ ከይጁቤ ወጣ ብሎ ከወንዝ ማዶ ባለ ቀበሌ ነው የሚኖሩት፤ የሚደግፋቸው የእሷ ደሞዝ ነው። እኔ ገና ሳያት ወደድኳት፤ እንደ እህት ማለቴ ነው። ጋሽ ገዳሙ ግን ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎ «ቶሎ የሚገባት ልጅ ናት» አለ። ከእሱ አፍ ይኼ ምስጋና ይሁን ክስ ለማወቅ አይቻልም።

ሥራው ለጥቂት ወራት ያለ እንከን ሄደ። ማታ ማታ ሳጥኑ ይጮኻል፣ ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ የደረሰውንና የታደለውን ይመዘግባሉ፣ ይወጣሉ። መኪኖቻችንም ማዳበሪያ የሚጭኑት ኮምፒዩተሩ ላይ ባለው የቀበሌዎች ተራ ነው። ተራውን የሚወስነው ዋናው መሥሪያ ቤት ቢሆንም፣ አንዴ የገባ ሰው ከደፈረ ሊነካው ይችል ነበር። ይኼንን ያወቅነው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት ግቢያችን በገበሬዎች ተሞላ። ከይጁቤ አካባቢ፣ ከወንዝ ወዲህ ካለው ቀበሌ የመጡ ናቸው። ዝናቡ አናታቸው ላይ እየወረደ፣ የእነሱ ተራ የነበረው ጭነት ወንዝ ተሻግሮ ወደ ማዶው ቀበሌ መሄዱን ነገሩን። እርሻው ታርሶ ተለስልሶ ይጠብቃል፤ የሚዘራበት ቀን ደግሞ እያለፈ ነው። ኮምፒዩተሩን ስናይ ተራው ተቀይሯል። የማዶው ቀበሌ ከመጨረሻ ተነሥቶ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል። የቀየረውም በይጁቤ ስምና የይለፍ ቃል የገባ ሰው ነው። የማዶው ቀበሌ የማን አገር እንደሆነ ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀብንም።

ለእነዚያ ገበሬዎች ሌላ መኪና ቢላክላቸውም መንገዱ ጭቃ ሆኖ መሐል ላይ ቆመ፤ ጭነቱን ከመኪናው አውርደው በአህያ ወሰዱት፣ ዘግይተውም ዘሩ። ሥራ አስኪያጁ ውሳኔውን በልቡ ጨርሷል፦ የዝባለም ትባረራለች፣ ለፖሊስም ትሰጣለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ኮሚቴ ፊት ቆሞ «ሥርዓቱ አይዋሽም፣ እሷ ናት» የሚል ባለሙያ ብቻ ነው። ያ ባለሙያ ጋሽ ገዳሙ እንደሚሆን ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። አጣሪ ሆነን እኔና ጋሽ ገዳሙ ይጁቤ እንድንሄድ ታዘዝን፤ ቢሮው ሁሉ ለየዝባለም ያዘነላት ያኔ ነው።

ስንደርስ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል። ጋሽ ገዳሙ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና ቃሉን ለማን እንደ ነገረች ጠየቃት። ለማንም አለች። የቢሮው ቁልፍ ማን ጋር እንዳለ ጠየቃት። መጋዘን ጠባቂውም ዘበኛውም አላቸው አለች። ደግሞ ወደ ቃሉ ተመለሰ፤ ደግሞ ጠየቀ። በመጨረሻ ተናደደች። «እርስዎ እንኳን እኔን ጥላዎንም አያምኑም» አለችው።

«ጥላዬማ ለምን እንደሚከተለኝ ነግሮኝ አያውቅም» አላት፤ ቀልዱን ይሁን የምሩን እንጃ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቃሉን አትንገሪኝ። ግን ከአንቺ ሌላ በዚህ ምድር ላይ የሚያውቀው ሰው የለም?» ብሎ ጠየቃት።

«እናቴ ታውቀዋለች» አለች። «የክርስትና እናቴም ታውቀዋለች።» ጋሽ ገዳሙ መነጽሩን አወለቀ። ነገሩ ያኔ ነው የተገለጠልን። «ማንም የማያውቀውን ቃል ምረጡ» ብሎ ሲያስጠነቅቅ የሰሙት ሁሉ ያሰቡት አንድ ነገር ነው፦ የክርስትና ስማቸውን። መተት እንዳይደረግብን ብለን ከጠላት ከምንደብቀው ስም የበለጠ ምን ምሥጢር አለ? በኋላ ስንጠይቅ የሉማሜው መዝጋቢም ያንኑ አድርጓል። ከዚህ የተረፈው የክርስትና ስም የሌለው የደጀኑ መዝጋቢ ሰይድ ብቻ ነው።

የዝባለም ደግሞ ባለፈው የጾም ወራት ታማ ተኝታ ነበር። እናቷ ስሟን ለቄሱ ሰጥታ፣ ቄሱም ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው እከሊት የምትባል እኅታችሁ ታማለችና አቡነ ዘበሰማያት ድገሙላት ብለው በክርስትና ስሟ ጠርተዋታል። ያስቀደሰው ምእመን በሙሉ ሰምቶታል። መጋዘን ጠባቂውም፣ ዘበኛውም፣ የገበያው ሰውም። ጋሽ ገዳሙ ይኼን ሲሰማ አላመነም። በማግስቱ እሑድ ነበርና ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሄዶ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆመ፤ የሌላ በሽተኛ የክርስትና ስም እንደዚያው ሲጠራ በጆሮው ሰምቶ ተመለሰ።

ከይጁቤ ከመውጣታችን በፊት ለብቻዋ ሳገኛት «እኔ አምንሻለሁ» አልኳት። ማስረጃ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም፤ ፊቷን ያየ ሰው ያምናታል። በመንገዱም ሁሉ ለጋሽ ገዳሙ ያንኑ ስነግረው መጣሁ። እሷ እንዲህ አታደርግም፣ የመጋዘን ጠባቂው ዓይን ደስ አይልም፣ እሱ ይሆናል አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና «እሱንስ በምን ያዝከው?» አለኝ።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ እኔም ነበርኩ። የዝባለም ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሥራ አስኪያጁ ብዙ አላንዛዛም። «ትጠረጥራታለህ ወይስ አትጠረጥራትም?» ብሎ ጠየቀው።

«እጠረጥራታለሁ» አለ ጋሽ ገዳሙ።

የዝባለም አቀረቀረች። እኔ ተነሥቼ ብሰድበው በወደድኩ። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ሲያነሳ ጋሽ ገዳሙ እጁን ዘረጋ።

«አልጨረስኩም። እናንተንም እጠረጥራለሁ። ይኼንንም» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። «እኔ ሰው ስጠረጥር ነው የኖርኩት፤ ምንም አይከብደኝም። ስለዚህ ጥርጣሬ ምን ያህል ርካሽ ነገር እንደሆነ ከሁላችሁ በላይ አውቃለሁ። በእሱ ተነሥቶ የሰው እንጀራ አይቆረጥም።»

«ኮምፒዩተሩ ግን እሷ ናት ይላል» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አይልም። ኮምፒዩተሩ የሰማው ቃል ነው። የማን አፍ እንደ ተናገረው አላየም። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የት ድረስ እንደሚያይ አውቃለሁ። ቃሉን ደግሞ ይጁቤ ያስቀደሰ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። መልሶ ይደውል ብዬ ስጠይቅ እሺ ተብዬ ቢሆን ዛሬ ቢያንስ ከየትኛው ስልክ እንደ ተደወለ እነግራችሁ ነበር። አሁን ግን አላውቅም። አላውቅም ብዬ ልፈርም እችላለሁ፤ እሷ ናት ብዬ አልፈርምም።»

ብዙ ተጨቃጨቁ። ሥራ አስኪያጁ ሥራህን ታጣለህ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ጋሽ ገዳሙ «እሱንም ጠርጥሬያለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ኮሚቴው ማስረጃ የለም ብሎ ፋይሉን ዘጋ። የዝባለም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ መልሶ መደወል ጀመረ፤ ሠራተኞቹም ሁሉ ቃላቸውን ለወጡ። ለዚህማ ጋሽ ገዳሙ በድጋሚ ግድግዳ ሲያይ ሰነበተ።

የዝባለም ግን ይቅር አላለችውም። ለስብሰባ ማርቆስ ስትመጣ እኔን አቅፋ ትስማለች፤ እሱን እንደ ምሰሶ ታልፈዋለች። ሰው ፊት «እጠረጥራታለሁ» ያላትን ረስታ አታውቅም። እኔም በልቤ እፈርድበት ነበር፤ አድኗታል፣ ግን አንዲት መልካም ቃል ብትጨመር ምን ነበረበት? ጠይቄዋለሁም። «የማላምነውን ልበል?» አለኝ። በየሻይ ቤቱ የዝባለም ስም በተነሣ ቁጥር የምከራከርላት እኔ ነበርኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ስልኩም ኮምፒዩተሩም ተለወጠ፤ ያ ሳጥን ከነመስመሩ ተነቅሎ ተጣለ። እሱ ጡረታ ወጣ፤ እኔም ሌላ ሥራ ይዤ ከማርቆስ ወጣሁ።

ለቀብሩ አልደረስኩም። በሰልስቱ ደርሼ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት ገባች። ሚስቱ ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ አለቃቀሷ የባዳ አልነበረም። ቀና ስትል የዝባለም ናት። አርጅታለች፤ እኔም አርጅቻለሁ። አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። እሱን ይህን ያህል ታለቅስለታለች ብዬ እንዳልጠበቅሁ ፊቴ ላይ አንብባው መሰለኝ፣ ሳልጠይቃት ጀመረች።

«ጡረታ የወጡ ሰሞን ይጁቤ ድረስ መጡ» አለችኝ። «በአውቶቡስ። ሰላም ካልኳቸው ስንት ዘመን። ይግቡ አልኳቸው፣ ገብተው ተቀመጡ። ‹ሳጥኑም ተጥሏል፣ እኔም ከሥራው ወጥቻለሁ፣ ለማንም አልናገርም። አንቺ ነሽ?› አሉኝ።»

አሁን ደግሞ ቤቷ ድረስ ሄዶ አስቀየማት ብዬ ልናደድበት ስል ቀደመችኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ አልኳቸው።»

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። የማዶው ቀበሌ በየዓመቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ገባ፤ ተራቸውን ቢጠብቁ ወንዙ ይሞላል፣ ከሞላ ደግሞ ክረምቱን በሙሉ መኪና አይሻገርም። ለዋናው መሥሪያ ቤት ደጋግማ ተናግራ «ተራ ነው» ተብላለች። ስለዚህ አንድ ማታ ሥራዋን መዝግባ ስትጨርስ ተራውን ቀየረችው። ወንዙ መኪናው በተመለሰ ሳምንት ሞላ።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«አልተቆጡም። ‹በዚያ ዓመት አዝመራው እንዴት ነበር?› አሉኝ። ጥሩ ነበር አልኳቸው። ‹የወዲህኞቹስ?› አሉኝ። ዘግይተው ስለዘሩ እንደማዶው አልያዘላቸውም፤ የእነሱን አልረሳሁም አልኳቸው። ‹እኔም አልረሳሁም› አሉ። ከዚያ ምሳ አብረን በላን። ከዚያ ወዲህ ማርቆስ በመጣሁ ቁጥር ሳልጠይቃቸው አልመለስም ነበር።»

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያልጠረጠርኳት እኔ ነኝ፣ በየሄድኩበት ስለ እሷ የተሟገትኩት እኔ ነኝ። «ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት፤ ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ወጣ።

«ለአንተማ በምን አንደበቴ?» አለች። «አንተ አምነኸኝ ነበር። ባየሁህ ቁጥር ልነግርህ እልና እምነትህ ያሳፍረኛል። እሳቸው ግን ጥፋተኛ ልሆን እንደምችል እያወቁ ነው የቆሙልኝ። እውነቱን ስነግራቸው የጎደለባቸው ነገር አልነበረም። አንተ ብትሰማ ታዝንብኝ ነበር።»

የለም ልላት አፌን ከፈትኩ። አዝኜባት ስለነበር መልሼ ዘጋሁት።